የመኪና ቁልፍና ሪሞት ማሠራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቁልፌ ጠፍቷል፤ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቤት ውስጥ፣ የትዳር ጓደኛዎ ቦርሳ ውስጥ ወይም መኪናውን ከሸጠልዎ ሰው ዘንድ ሌላ የሚሠራ ቁልፍ ካለ እሱን ይፈልጉ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ፣ ጊዜና ወጪ የሚወስነው ይኸው አንድ ነገር ነው። የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ካለ ሁለተኛውን ቀርጾ ለመኪናው ማስተዋወቅ ለብዙዎቹ መኪኖች ከ1 ሰዓት አያልፍም። አንድም ከሌለ በሩን ያለ ቁልፍ መክፈት፣ የጥርሱን ልክ ከሲሊንደሩ (ቁልፉ ገብቶ ከሚዞርበት ክፍል) ላይ ማንበብ፣ የመኪናውን የቁልፍ ማኅደር (የሚያውቃቸው ቁልፎች የተመዘገቡበትን) እንደ አዲስ መክፈት ይመጣል። አንድ ቁልፍ ብቻ ይዘው የሚነዱ ከሆነ ሁለተኛውን ዛሬ ያሠሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ፣ ቁልፉ አዲስ ሳለ አብሮት ታስሮ የሚመጣውን ቁጥር የተመታበት ትንሽ ብረት ይፈልጉ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። በቁጥሩ ቁልፉ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ይቀረጻል። ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙት፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን አይለጥፉት። ቁጥሩን የያዘ ሰው ቁልፉን እንደያዘ ይቆጠራል። የቁልፉ የራሱ ጥርት ያለ ፎቶም ቢሆን ለሚያውቅበት ሰው ጥርሱን ያስነብባል።

ቁልፌ ቺፕ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ ቁልፍ ብረት ብቻ ነው፤ «ቁልፍ እንቀርፃለን» የሚል ማንኛውም ሱቅ በደቂቃዎች ይገለብጠዋል። ከዚያ ወዲህ በመጡት ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና ሃዩንዳይ ላይ ቺፕ የተለመደ ነው። ቪትዝ ላይ ያለውም የሌለውም ስላለ በስም ብቻ አይፈረድም።

ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ሲያወጡ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል፣ ቁልፉ ሲገባ ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ ኢሞቢላይዘር (የቁልፉን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ) አለው። ምልክቱ ካልታየዎት ወይም ካልገባዎት የወጥ ቤት ፎይል ይውሰዱ፤ የቁልፉን ፕላስቲክ ጭንቅላት ሁለትና ሦስት ጊዜ ጥቅልል አድርገው ይሸፍኑና ለማስነሳት ይሞክሩ። ፎይሉ ሲኖር እምቢ ብሎ ፎይሉ ሲወልቅ የሚነሳ መኪና ቺፕ ያነባል ማለት ነው።

አንድ ቁልፍ የሚመስለን ነገር በእውነቱ ሦስት ዕቃ ነው። ብረቱ ሲሊንደሩን ያዞራል። ቺፑ ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳል። ሪሞቱ በር ይከፍትና ይዘጋል። ሦስቱ አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጡ እንጂ ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ስለ ቁልፍ የሚነሳ ጭቅጭቅ ግማሹ ይህን ካለመለየት የሚመጣ ነው፤ ሰውየው «ቁልፍ ሠራልኝ» ይላል፣ ባለሙያው ብረቱን ብቻ ቀርጾ ይሰጣል፣ መኪናው አይነሳም።

በሩ በሪሞት ይከፈታል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ወይም ሞተሩ ይነሳል፣ ሪሞቱ አይሠራም።

ሁለተኛው ቀላሉ ነው። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ካለው የአንቴና ቀለበት ነው። ስለዚህ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅም መኪናው ይነሳል፣ በሩም በብረቱ ይከፈታል። ባትሪውን ይቀይሩ፤ ካልሆነ የሪሞቱ ቁልፎች መጫኛ ወይም ቦርዱ ላይ ያለ የላላ ብየዳ ነው።

የመጀመሪያው ግን የቺፕ ጉዳይ ነው። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ፣ ወይም ተነስቶ ከ2 እና 3 ሰከንድ በኋላ ቀጥ ካለ ቀዩን ምልክት ይመልከቱ። ቁልፉ ገብቶ ምልክቱ ካልጠፋ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ከሌሎች ቺፕ ያላቸው ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት አስረውት ከሆነ ለብቻው አውጥተው ይሞክሩ፤ አንዳንዴ የጎረቤቱ ቺፕ ያደናግረዋል። ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረና «ቲክ» ብቻ ካለ ብዙ ጊዜ የመኪናው ባትሪ ነገር ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ከመጥራትዎ በፊት እሱን ያስለኩ።

የቁልፉን ካቨር አስቀየርኩ፣ ከዚያ በኋላ መኪናው እምቢ አለ። ምን ተፈጠረ?

ከአሥር ዘጠኙ ቺፑ በአሮጌው ካቨር ውስጥ ቀርቷል። ካቨሩን አልጣሉት ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

አሮጌውን ካቨር በስፌቱ መስመር ላይ በቀጭን ቢላዋ ቀስ አድርገው ይክፈቱ። ሪሞቱ ቦርድ ተነሳ ማለት ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም። ከብረቱ ሥር፣ በፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ፣ የባቄላ ክክ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ መሳይ ነገር ወይም እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ይታያል። ቺፑ እሱ ነው። አንዳንዱ በሙጫ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ በጉልበት ሲነቀል ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቺፕ አይጠገንም። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቀው፣ ዙሪያውን ፍቀው ያውጡት። አዲሱ ካቨር ውስጥ ሲያስቀምጡትም በድሮው አቅጣጫና በድሮው ቦታ ይሁን፤ ከቀለበቱ ከራቀ አንዴ ይነሳል አንዴ ይተዋል። በሱፐር ግሉ አያጥለቅልቁት፣ አንድ ጠብታ ይበቃል።

አንዳንድ ካቨር የሚሸጥ ሰው «ቺፕም አለው» ብሎ ባዶ ቺፕ ይጨምራል። ባዶ ቺፕ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ለመኪናው እስኪተዋወቅ ድረስ ምንም አያደርግም።

ስደውል ምን ዓይነት መረጃ ልያዝ?

የመኪናው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቁልፍ ገብቶ ሲዞር የሚነሳ ወይስ ማስነሻው ተጭኖ የሚነሳ መሆኑ፣ የሚሠራ ቁልፍ ስለመኖሩና ስላለመኖሩ። የቁልፍ ማስገቢያው ፎቶ ቢጨመር ጥሩ ነው። ቶዮታ ከሆነና ሌላ ቁልፍ ካለ የብረቱን አንገት ይመልከቱ፤ የላቲን «ጂ» ፊደል፣ «ኤች» ፊደል ወይም አንዲት ነጥብ ተመትቶበት ሊሆን ይችላል። ነጥቡ 4ዲ የሚባለውን ቺፕ፣ «ጂ» ባለ 80 ቢቱን፣ «ኤች» ባለ 128 ቢቱን ያመለክታል። በዚህ አንድ ፊደል ባለሙያው የትኛውን ቺፕ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ካላወቀ ከአየር ጤና ኮዬ ፈጬ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የመንገዱን ደግሞ እርስዎ ይከፍላሉ።

የሻንሲ ቁጥር ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ለአውሮፓ፣ ለአሜሪካና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራ መኪና ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ቪትዝ ግን የጃፓን የውስጥ ገበያ መኪና በመሆኑ ቁጥሩ አጭር ነው፤ «ኤስሲፒ10» ወይም «ኬኤስፒ90» ብሎ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ 7 አኃዝ ይከተላል። «ቁጥሩ ጎድሏል» ብለው አይደንግጡ፣ የጎደለ የለም።

ለቪትዜ ሪሞት ገዛሁ፣ ከድሮው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ግን አልተቀበለውም። ለምን?

ከውጭ አንድ መምሰሉ ምንም አይነግርዎትም። ሪሞት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ የራሱ ሞገድ አለው። በአብዛኛው የአውሮፓ መኪኖች በ433.92 ሜጋኸርዝ፣ የአሜሪካ መኪኖች በ315 ይሠራሉ፤ የጃፓን የውስጥ ገበያ ቶዮታዎች ከ312 እስከ 315 ባለው ክልል ውስጥ ናቸው። ቪትዝና ያሪስ በመልክ መንትያ ሆነው ሳለ የያሪስ ሪሞት ለቪትዝ የማይሆነው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጃፓን፣ ከዱባይ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ መኪኖች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ችግሩ እኛ አገር ይበረታል።

ተጭኖ የሚነሳ ቶዮታ ላይ ደግሞ ፍተሻው ጠበቅ ይላል። ካቨሩን ከፍተው ቦርዱን ሲያዩት 271451 ብሎ የሚጀምር፣ ከሰረዝ በኋላ 4 አኃዝ ያለው ቁጥር ሊኖርበት ይችላል። የሚገዙት ቦርድ የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች ከድሮው ጋር መግጠም አለባቸው። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ ስማርት ቁልፍ (ተጭኖ የሚነሳ መኪና ቁልፍ) ሲገዙ ሌላም ጣጣ አለ፦ አንዴ ለአንድ መኪና የተሰጠ ቁልፍ ራሱን ይቆልፋል። በልዩ መሣሪያ ካልተከፈተ በቀር አዲስ መኪና አይቀበለውም። ባለሙያዎ እንደሚከፍተው ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይስጡ። አዲስ ባለ ብዙ ሞገድ ሪሞት እንደ ኤክስሆርስ ባሉ የቁልፍ መጻፊያ መሣሪያዎች እንደ መኪናው ተደርጎ ስለሚጻፍ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ይሻላል።

ማስረጃ ምን ይጠየቃል?

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይነጻጸራል። ሊብሬው በብድር ምክንያት ባንክ ከተያዘ ኮፒውን ከባንኩ ደብዳቤ ጋር ይያዙ። መኪናው ገና ስሙ ያልዞረ ከሆነ የሽያጭ ውሉንና ውክልናውን ያምጡ፤ ሾፌር ተልኮም ከሆነ ባለቤቱ በስልክ መገኘት አለበት።

ሊብሬ ሳይጠይቅ ሁሉም ቁልፉ የጠፋ መኪና የሚከፍት ሰው ነገ የእርስዎንም ለሌላ ሰው ይከፍታል። እዚያ ቦታ አይቆዩ።

ተሰርቄ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። የጠፋው ቁልፍ መኪናዬን ሊያስነሳ ይችላል?

ካልተሰረዘ አዎን። አዲስ ቁልፍ ሲያስጨምሩ «የድሮውን ሰርዝልኝ» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ አለበለዚያ ባለሙያው አዲሱን በነባሮቹ ላይ ይደምራል እንጂ የጠፋውን አያወጣም። ማጥፋት ማለት ማኅደሩን ባዶ አድርጎ በእጅ ያሉትን ብቻ መልሶ ማስገባት ስለሆነ ቤት የቀረውን ቁልፍ ጭምር በዕለቱ ያምጡ።

ከተሰረዘ በኋላም ብረቱ በሩን ይከፍታል። ሌባው አያስነሳውም፣ ውስጡ ያለውን ግን ይወስዳል። ቁልፉ የጠፋው ከሊብሬ ኮፒ ወይም አድራሻዎ ካለበት ቦርሳ ጋር ከሆነ የበሩን ሲሊንደር ማስቀየር ወይም ውስጡ ያሉትን ስስ ብረቶች አስለዋውጦ ሌላ ቁልፍ ማውጣት ይሻላል።

ለፖሊስ ማመልከትዎንም አይርሱ። አያት ወይም ቱሉ ዲምቱ ከጠፋ አዲስ አበባ ፖሊስ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከጠፋ የሸገር ከተማ ፖሊስ ነው። የሌላኛው ጣቢያ ሄደው ከተሰለፉ «የእኛ ክልል አይደለም» ተብለው ይመለሳሉ።

አንድም ቁልፍ የለኝም፣ መኪናው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። ጋራዥ ማድረስ አለብኝ?

በአብዛኛው የለብዎትም፤ ባለሙያው ወደ መኪናው ይምጣ። መግፋትም መጎተትም አስቸጋሪ ነው፦ መሪው ተቆልፏል፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ላይ ነው። ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ያለችውን ክዳን ነቅሎ ማርሹን በእጅ ማላቀቅ ይቻላል፤ መሪው ግን እንደተቆለፈ ስለሚቀር መኪናው ወደ ፈለገው ይሄዳል። የግድ መንቀሳቀስ ካለበት ክሬን ላይ ተጭኖ ይሂድ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ሞተር የሚያዞረው ጎማ መሬት እየነካ መጎተት የለበትም፣ ሞተሩ ይጎዳል።

ሥራው ቦታው ላይ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ በሩ ሊሺ በሚባለው ቀጭን መሣሪያ ይከፈታል፤ ያው መሣሪያ ሲከፍት የጥርሱን ጥልቀት አንድ በአንድ ያነባል። በዚያ ልክ ብረቱ ይቀረጻል። ከዚያ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር ማገናኛ) ላይ መሣሪያው ተሰክቶ ቺፑ ይተዋወቃል። ቶዮታ ላይ ማኅደሩን እንደ አዲስ ማስጀመር 16 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮንታክቱ ክፍት ይቆያል። ሃዩንዳይ ላይ 6 አኃዝ ያለው ሚስጥር ቁጥር ይጠየቃል፤ ከሻንሲ ቁጥሩ ይወጣል። አሮጌ ሞዴሎች ላይ የኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ተፈትቶ ከውስጡ ያለችው 8 እግር ያላት ማኅደር በቀጥታ ልትነበብ ትችላለች። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው የስታኞ እጁ ያልተረጋጋ ከሆነ ሳጥኑን ራሱን ይዘው ይቀሩበታል፤ ስለዚህ ዋናው ፋይል ከመነካቱ በፊት ቅጂው እንዲቀመጥ ያስገድዱት።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ባትሪ። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው። ቁልፉ የጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ ለቀናት ቆሟል፣ ባትሪው ወርዷል። ቆሞ ሳለ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ካላሳየ ቻርጀር ይታሰርለት ወይም ከሌላ መኪና ኬብል ይዘርጉለት። በመጻፍ መሃል ቮልቴጁ ከወደቀ ማኅደሩ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወጪው የቁልፍ መሆኑ ይቀርና የኮምፒውተር ሳጥን ይሆናል። ሬዲዮ፣ መብራትና ማራገቢያ ይጥፉ። በር እየከፈቱ አይዝጉ።

መብራትም ይጠይቁ። ትልቁ መቅረጫ ማሽን በመብራት ስለሚሠራ ሠፈሩ ላይ ከጠፋ ብረቱ ከሱቅ ተቀርጾ መምጣት አለበት፤ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማሽን ያለው ባለሙያም አለ። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ኢንተርኔት ስለሚፈልጉ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። ለግቢው ጥበቃም ቀድመው ይናገሩ፤ በር በቀጭን ብረት የሚከፍት ሰው አይቶ ዝም የሚል ዘበኛ የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

ዋጋው ለምን ከሰው ሰው ይለያያል?

በስልክ የሚነገረው ቁጥር የምኑ እንደሆነ ስለማይነገር ነው። ያልተቀረጸው ቁልፍ፣ ቺፑ፣ ሪሞቱ፣ መቅረጹ፣ ማስተዋወቁና መንገዱ ስድስት የተለያየ ሒሳብ ናቸው። አንዱ የማስተዋወቁን ብቻ ይነግርዎታል፣ ሌላው ሁሉንም ደምሮ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። ተለይቶ እንዲነገርዎት ይጠይቁ፣ አልሆን ካለ የሚመለሰውንም ጭምር። ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዓምና ዋጋ ለዘንድሮ መለኪያ አይሆንም።

ወደ ወኪሉ ልሂድ ወይስ ውጭ ላሠራ?

መኪናው በወኪሉ በኩል የገባ ከሆነ፣ ዋስትናው ካላለቀ ወይም ባለ «ኤች» ቺፕና ከዚያ ወዲህ ያለ አዲስ ሞዴል ሆኖ ሁሉም ቁልፍ ከጠፋ ለቶዮታ ሞኤንኮን፣ ለሃዩንዳይ ማራቶን ሞተርን መጀመሪያ ይጠይቁ። ዕቃው ከውጭ የሚታዘዝ ከሆነ መጠበቅ አለ። ለአሥር ዓመት መኪና፣ አንድ የሚሠራ ቁልፍ ይዘው ቅጂ ለማውጣት ግን ጥሩ የውጭ ባለሙያ ይበቃል።

ተጭኜ የማስነሳው መኪና «ቁልፍ አልተገኘም» ይላል። መንገድ ላይ ነኝ።

ብዙ ጊዜ የስማርት ቁልፉ ባትሪ አልቋል እንጂ ቁልፉ አልሞተም። ከጎኑ ያለችውን ማላቀቂያ ገፍተው ውስጡ የተደበቀውን ትንሽ ብረት ያውጡ፣ የሾፌሩን በር በእሱ ይክፈቱ። አላርሙ ቢጮህ አይደንግጡ። ቶዮታ ላይ ፍሬን ረግጠው የቁልፉን አርማ ያለበትን ፊት ወደ ማስነሻው ያስጠጉ፤ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ማስነሻውን ይጫኑ። ሃዩንዳይ ላይ ማስነሻውን በራሱ በቁልፉ ጫፍ ይጫኑት።

ባትሪውን ሲገዙ ቁጥሩን አይተው ይግዙ፦ ሲአር2032፣ ሲአር2016፣ ሲአር1632። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻዎቹ ውፍረቱን በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ይናገራሉ፤ 2032 ማለት 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። በ2032 ቦታ 2016 አስገብቶ በወረቀት ማደላደል ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ዝናብ በሚዘንብበት ምሽት ይከዳዎታል። ሱቁ ላይ በቴስተር ያስለኩት፤ አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። አሮጌውን ደግሞ ሕፃን እጅ ላይ አይተዉት። የተዋጠ ክብ ባትሪ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነገር ነው።

ቁልፉ ከልብስ ጋር ታጠበ።

አይጫኑት። ባትሪውን መጀመሪያ ያውጡ፤ ቦርዱን የሚበላው ውኃው ብቻ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው። የሳሙና ቅሪት ካለ በንጹሕ ውኃ፣ ቀጥሎ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በነፋሻ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ምድጃ አጠገብ አይሁን። ሩዝ ውስጥ መቅበሩ ሩዙን ከማባከን በስተቀር ብዙም አይረዳም። አረንጓዴ ዝገት ከታየ ቦርዱን ባለሙያ ይይልዎት። ቺፑ ግን ውኃ አይፈራም፣ መኪናው በዚያው ቀን ይነሳል።

ቁልፉ ሲዞር ይይዛል፣ አንዳንዴ እየነቀነቅሁ ነው የሚገባው።

ወይ ብረቱ ተበልቷል፣ ወይ ሲሊንደሩ አቧራ ጠጥቷል። አስፋልት ባልደረሰባቸው የኮዬ ፈጬና የሰበታ መንገዶች ላይ የሚውል መኪና በተለይ የሾፌሩ በር ላይ ሁለተኛው ይበዛበታል። የሞተር ዘይት አይጨምሩ፤ ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ይሆናል። ደረቅ ግራፋይት ይንፉበት። ከሌለ የእርሳስ ጫፍ ቁልፉ ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ያሻሹና አሥር ጊዜ ያህል ያስገቡ ያውጡ።

ብረቱ ተበልቶ ከሆነ እሱኑ አስገልብጠው አይውሰዱ። ቅጂው ከነመበላቱ ይወጣል፤ የቅጂው ቅጂ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በቁጥሩ ወይም በሲሊንደሩ ልክ ይቀረጽ።

ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ሁለተኛ ቁልፍ አይክተቱበት፣ በሙጫ ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ሙጫው ሲሊንደሩን ያደርቀዋል። ሁለቱም ስባሪ ከተገኘ ተገጣጥሞ አዲስ ይቀረጽበታል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቺፕም ወደ አዲሱ ይዞራል።

ቁልፉን መኪና ውስጥ ረስቼ ዘጋሁ።

ሕፃን ውስጥ ካለ ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ይስበሩ፤ ስለ ዋጋው በኋላ ይነጋገራሉ። ሰው ከሌለ ግን ትንሿን የኋላ መስታወት አይስበሩ፤ ትንሽ ስለሆነች ርካሽ ትመስላለች፣ ለማግኘት ግን ከትልቁ ልታስቸግር ትችላለች። ባለሙያ በሩን በአየር ትራስ ትንሽ አላቆ በዘንግ ይከፍተዋል። በተጠማዘዘ የብረት ሽቦ በመስታወቱ ጎማ በኩል መጎርጎር ውስጥ ያለውን የማዕከላዊ ቁልፍ ሽቦ ይበጥሳል።

የኤሌክትሪክ መኪና ቁልፍስ?

በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ቢዋይዲ ላይ ከስማርት ቁልፉ ሌላ የኤንኤፍሲ ካርድ (ሲያስጠጉት የሚነበብ ካርድ) ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ካርዱን የሚያነበው ቦታ የሾፌሩ በኩል የጎን መስታወት ላይ ነው። ካርዱን ቤት ያስቀምጡት፣ ከቁልፉ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። መኪናውን ሲገዙ ሁለቱንም ቁልፍና ካርዱን ቆጥረው ይረከቡ። በር አልከፍት ካለ ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሊወርድ እንደሚችል ያስታውሱ፤ ቁልፍ ከመወንጀልዎ በፊት እሱን ያስለኩ።

ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል?

በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ዋስትና ለሌላ ሰው ጉዳት ነው፤ የእርስዎን ቁልፍ አይመለከትም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉ ላይ የቁልፍ ነገር መጠቀሱን ያንብቡ።

ከመክፈሌ በፊት ምን ልፈትሽ?

አዲሱን ቁልፍ ብቻውን ይያዙ፤ የድሮው ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ አለበለዚያ ስማርት ቁልፍ ላይ የድሮው እየሠራ አዲሱ የሠራ ይመስልዎታል። በአዲሱ ብረት የሾፌሩን በርና የኋላውን ኮፈን በእጅ ይክፈቱ። ሪሞቱን ከ10 ሜትር ርቀት ይሞክሩ። ሞተሩን አስነስተው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያቆዩት፣ ያጥፉ፣ ቀዩ ምልክት ብልጭ ማለቱን ይዩ፣ እንደገና ያስነሱ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የድሮው ቁልፍም አሁንም መሥራቱን ይፈትሹ፤ አዲሱ ሲገባ ነባሩ በስህተት የተሰረዘበት ሁኔታ ያጋጥማል፣ የሚታወቀውም ባለሙያው ከሄደ በኋላ ነው። ሳጥን ተፈትቶ ከሆነ የማኅደሩን ቅጂ ፋይል በፍላሽ ይቀበሉ።